ድመት ኩርር የምትለው ለምንድን ነው? የእናቴ ጀሶና የዳማ ነገር

የሽምብጥ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ዝናብ ዘንቦ የደጃችን ደረጃ አዳልጧት ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ወስደናት ራጅ ተነሣች፣ ጀሶ ተደረገላት፣ በስድስተኛው ሳምንት ተመለሱ ተባልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈንላት ውሎዋም አዳሯም እዚያው ነው።

ድመት አለችን። በመልኳ ዳማ እንላታለን። አራት ዓመቷ ነው። ሰው ላይ የምትለጠፍ ድመት አልነበረችም። ቀኑን ጣራ ላይ ውላ፣ አባቴ አሳ ይዞ ሲመጣ ብቻ ከየት መጣች ሳትባል ከእግሩ ሥር የምትገኝ ናት። እናቴ ከተኛች ወዲህ ግን ጣራውን ተወችው። ጀሶው ላይ ትወጣለች፣ ጥቅልል ትላለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ኩርርርር ትላለች። ማታ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል እኔ የምተኛበት ጓዳ ድረስ ይሰማኛል። አንድ ቀን እጄን ጀሶው ላይ አሳረፍኩት። ይነዝራል። ድምፁ የጠፋ ስልክ ሲጠራ ጠረጴዛው እንደሚነዝረው፣ ግን ለስለስ ያለ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እናቴ "ይቺ ልጅ እያከመችኝ ነው" ማለት ጀምራለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የድመት ኩርርታ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል የሚል ቪዲዮ በስልኳ አሳየቻት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ማስታገሻውን ተወችው። ሕመሙ ቀንሶልኛል ነው የምትለው። እሱስ ይሁን። ግን የፊታችን ሰኞ ቀጠሮዋ ነው፣ አልሄድም አለች። ደረጃውን ተሸክማችሁ አውርዳችሁኝ፣ በባጃጅ ተንገጫግጬ፣ ተራ ጠብቄ ምን ላገኝ ነው፣ ሐኪሜ እዚሁ አለች ትላለች።

እውነት አለው? ድመት ለምንድን ነው ኩርር የምትለው? ለራሷ ምን ይጠቅማታል፣ ለእኛስ? የምታውቁ ንገሩኝ። ለእናቴ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ።

ዓባይ ማዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25)

ደስ ሲላት ነዋ። የእኛዋ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ኩርር ነው፣ ስትጠግብ ኩርር፣ ጆሮዋን ሲያኩላት ኩርር። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

የዘጌ ሰው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48)

እኛ ዘጌ ስናድግ ድመት ለጨዋታ አልነበረም የምትያዘው። ቡና አለ፣ እህል አለ፣ አይጥ አለ። ቢሆንም ማታ ሥራዋን ጨርሳ እሳት ዳር ስትመጣ ሁሉም ቦታ ይለቅላታል። ኩርር ማለት ስትጀምር አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ዝም በሉ፣ ዳዊቷን እየደገመች ነው" ትለን ነበር። እውነትም ልብ ብላችሁ ብትሰሙት፣ አንድ አረጋዊ አባት ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ሲደግሙ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ለዚህ ነው እኛ ቤት ኩርር እያለች ያለች ድመት ከጭን ላይ ማስነሣት ነውር የነበረው።

ሳይንሱን የሚያውቅ ይንገረን። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ትንፋሿ ሲገባም ሲወጣም ድምፁ አለመቋረጡ ነው።

የዘንዘልማ ተማሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30)

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና አምስተኛ ዓመት ነኝ። ድመት በጣም ነው የምወደው፣ ስለዚህ ብዙ ብጽፍ ይቅርታ።

የዘጌው ወንድማችን ዋናውን ነገር ነው ያነሣኸው። ድመት ሚያው የምትለው ትንፋሽ ስታወጣ ነው። ኩርር ግን ስታስገባም ስታወጣም ነው። ለዚህ ነው ያለ ማቋረጥ ረጅም ሰዓት የምትቆየው።

ብዙ ሰው ድምፁ ከሆዷ ወይም ከደረቷ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም፣ ከማንቁርቷ ነው። እዚያ ያሉት የድምፅ አውታሮች በሰከንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ይገጥማሉ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ ይከፈታሉ። አየሩ በመካከላቸው እየተቆራረጠ ሲያልፍ ያ ድምፅ ይወጣል። አሁን አስቡት። የአዋቂ ወንድ ድምፅ እንኳ በሰከንድ 100 ጊዜ አካባቢ ነው የሚንቀጠቀጠው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ከየት አምጥታ ነው ከዚያ የወፈረ ድምፅ የምታወጣው?

ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ አንጎል ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ጥናት አንጎል የማንቁርት ጡንቻዎችን በየቅጽበቱ እያዘዘ ያኮማትራቸዋል ብሎ ነበር፣ መጻሕፍትም ይህንኑ ይዘው ቆዩ። በ2023 ግን ቪየና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክርስቲያን ኸርብስት የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ በሕመም ምክንያት ከሞቱ 8 ድመቶች ማንቁርት ወስደው አየር ነፉበት። አንጎል የለም፣ የሚያዝ ነርቭ የለም። ማንቁርቱ ብቻውን ኩርር አለ! ያውም በዚያው ከ25 እስከ 30 ባለው ልክ። ውስጡን ሲያዩት የድምፅ አውታሩ ሥጋ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ትራስ የመሰለ ነገር አገኙ። አውታሩን የሚያከብደውና እንቅስቃሴውን የሚያዘገየው እሱ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚሉት።

በገና የሚያውቅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል። የበገና አውታር ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚርገበገበው፣ ለዚህ ነው ድምፁ ደረት ውስጥ የሚገባው።

ይህን ስል አንጎል ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። በሕይወት ባለች ድመት ላይ ጡንቻውም ያግዛል የሚሉ አጥብቀው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ።

ወደ "ለምን" ስንመጣ፣ እኔ ነገሩን የምጀምረው ከግልገሏ ነው። የድመት ግልገል ስትወለድ ዓይኗ ዝግ ነው፣ ጆሮዋም ገና አይሰማም። ንዝረት ግን ይሰማታል። እናቷ ተጋድማ ኩርር ስትል ያን ንዝረት እየተከተለች ጡት ጋ ትደርሳለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግልገሏም ትጀምራለች። አፏ ጡት ይዞ ሚያው ማለት አይሆንላትም፣ ኩርር ማለት ግን ትችላለች። እናትየዋ ልጆቿ እየጠቡ መሆኑን በዚያ ታውቃለች። እና ኩርርታ በእናትና በልጅ መካከል የተጀመረ ቋንቋ ነው። አድጋ እኛ ጭን ላይ ስትወጣም ያንኑ ነው የምታመጣው።

ዓባይ ማዶ፣ ደስ ሲላት ነው ያልከው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ድመት ስትታመምም፣ ስትቆስልም፣ ስታምጥም ኩርር ትላለች።

ዓባይ ማዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41)

ታማ እንዴት ኩርር ትላለች? ይሄን ሰምቼ አላውቅም።

የመረብ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡05)

ትላለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አሳ ላይ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው የምንወጣው። ስንመለስ ዳር ላይ ፊሌቶ ተወጥቶ ራሱና አጥንቱ ሲጣል ፔሊካኑም አባ ኮዳውም ድመቱም በአንድ ላይ ነው የሚጠብቀን። ባለፈው ክረምት አንዲት ድመት ጀልባው ውስጥ የተጠቀለለው መረብ ላይ ወለደች። ልናነሣት አልጨከንንም፣ ያን ቀን ሥራ ቀረ። ሦስተኛው ግልገል ሊወጣ ሲል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ሆዷ ይጨማደዳል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጥፍሯ መረቡን ጨምድዶ ይዟል። እና ኩርር ትላለች። ምጥ ላይ ሆና ነው እንግዲህ። ግልገሉ ወጥቶ ልሳ ስትጨርስም ኩርርታው አልቆመም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ባጃጅ የገጨው ድመት ከአስፋልት ዳር አነሣሁ። በሹራቤ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ሳደርገው ኩርር ማለት ጀመረ። ድኗል አልኩ። ለጓደኞቼም ስሙት፣ ደህና ነው አልኳቸው። እንደዚያ እያለ እጄ ላይ ሞተ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደስ ብሎት ነው ብዬ ባላምን ኖሮ ቶሎ ሐኪም ጋ ይዤው እሮጥ ነበር።

የዘንዘልማ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

ወንድሜ፣ እንደዚያ የተገጨ ድመት ብትሮጥም ላይተርፍ ይችል ነበር። ቢያንስ ብቻውን አልሞተም።

ሰው ሲያመው ያቃስታል፣ አንዳንዱም ያንጎራጉራል። ድመትም በኩርርታዋ ራሷን የምታባብል ይመስላል። ክሊኒክ ልምምድ ላይ ሆነን ልብ ለመስማት ማዳመጫ ስናስጠጋ ፈርታ የምትንቀጠቀጥ ድመት ኩርር እያለች የልብ ምቷን የምትሸፍንብን ጊዜ ብዙ ነው። ቧንቧ ከፍተን ውኃ ስናሰማት ነው አንዳንዴ ጸጥ የምትለው።

የአጥንቱ ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ የሽምብጥ ልጅ። ሁለት ነገር ተገጣጥሞ ነው። አንደኛው፣ በ2001 ክሊንተን ሩቢን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ነው። በጎችን የሚነዝር ወለል ላይ በቀን 20 ደቂቃ አቆሟቸው። ንዝረቱ በሰከንድ 30 ጊዜ ነበር። ዓመት ሙሉ። በመጨረሻ የጭናቸው አጥንት ውስጠኛው ስፖንጅ መሳይ ክፍል ጥግግቱ 34 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት ኤሊዛቤት ቮን ሙገንታለር የምትባል ተመራማሪ የድመቶችን ኩርርታ ለክታ በዚሁ ክልል ውስጥ መሆኑን አየችና፣ ድመት ቀኑን ሙሉ ተኝታ እየዋለች አጥንቷ የማይደክመው በዚህ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን ሐሳብ ነው። የድመት ኩርርታ የሰው ስብራት ሲጠግን በሙከራ የታየበት ጊዜ የለም። በጎቹ የኋላ እግራቸውን ማሽኑ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ጀሶ ላይ የተኛች ድመት ደግሞ ሌላ ነገር ናት፣ ንዝረቷ ጀሶውንና ጥጡን አልፎ አጥንት ጋ እስኪደርስ ምን ይቀረዋል?

ጀሶው ላይ የምትተኛው ስለሚሞቅ ይመስለኛል። ድመት ከእኛ የበለጠ ሙቀት ነው የምትወደው። እናትሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቦታቸው አይነሡም። ለድመት ከዚህ የተሻለ መኝታ የት ይገኛል።

ነርስ ነኝ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00)

እህቴ፣ ይህን ለእናትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ ድመቷን ማንም አይነሣዎትም። ቀጠሮው ግን አይቀርም። ጀሶ የሚፈታው ራጅ ታይቶ አጥንቱ መያያዙ ሲረጋገጥ ነው። ሕመም ቀነሰ ማለት አጥንት ገጠመ ማለት አይደለም። ጠማማ ሆኖ የገጠመ ቁርጭምጭሚት ዕድሜ ልክ ሊያስነክስ ይችላል። ቀርተው ከወር በኋላ ቢመጡ ለማስተካከል በጣም ይከብዳል።

የእግር ጣቶችዎን በየቀኑ ያንቀሳቅሱ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጀሶው ውስጥ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሰኞን አይጠብቁ። ባትዎ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎትም እንደዚያው፣ በዚያኑ ሰዓት ይምጡ። ረጅም ጊዜ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ያ ደግሞ አደገኛ ነው።

ሕመሙ መቀነሱን ግን አምናለሁ። ዋርድ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው፣ ብቻውን የተኛ ሰው ሕመሙ ይብሳል። በ2019 ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ 249 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ለ10 ደቂቃ ብቻ ድመትና ውሻ የደባበሱት ምራቃቸው ሲመረመር ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀንሶ ተገኝቷል። እማማ አምስት ሳምንት ሙሉ ነው ዳማን የታቀፉት። እንዴት አይቀልላቸውም?

ሌሊት ነቂ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15)

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የእኛ ድመት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትራሴ ጋ መጥታ ኩርር ትላለች፣ ግን የደስታውን ዓይነት አይደለም። ውስጡ ቀጭን ልቅሶ አለው። የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። እምላለሁ፣ ልጄ የተነሣች መስሎኝ ስንት ጊዜ ብድግ ብያለሁ። ሳይ ልጅቷ ተኝታለች፣ ድመቷ ሳህኗ ጋ ሄዳ ቆማለች።

የዘንዘልማ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50)

ጆሮሽ አልተሳሳተም! ይሄ በ2009 ተጠንቷል። እንግሊዝ አገር ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ካረን ማኮምብ የምትባል ተመራማሪ የ10 ድመቶችን ኩርርታ ቀዳች፣ ምግብ ሲፈልጉ ያለውን ለብቻ፣ እንዲሁ ተመችቷቸው ያለውን ለብቻ። ለሰዎች ስታሰማቸው ምግብ ፈላጊው "አስቸኳይ" እና የሚረብሽ ሆኖ ተሰማቸው፣ ድመት ኖሯቸው የማያውቁት እንኳ ይለዩት ነበር። ምክንያቱ በወፍራሙ ኩርርታ ውስጥ በሰከንድ 380 ጊዜ ገደማ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ መደባለቁ ነው። የሕፃን ልቅሶ ከሚገኝበት ክልል ጋር ይቀራረባል። ብድግ ያደረገሽ እናትነትሽ ነው።

የዘጌ ሰው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30)

የበገናው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። በገና ላይ እኮ በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፣ ድምፁ እንዲነዝር የምታደርገው እሷ ናት። በገና ደግሞ የዳዊት ነው። አያቴ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው "ዳዊቷን እየደገመች ነው" ያለችው። አንድ ጥያቄ፣ አንበሳና ነብርስ ኩርር ይላሉ?

የዘንዘልማ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡44)

አንበሳና ነብር ያገሳሉ እንጂ እንደ ድመት ሳያቋርጡ ኩርር አይሉም። አቦሸማኔ ግን ይላል፣ ማግሳት ደግሞ አይችልም።

ጥንቃቄ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20)

ሁላችሁም ስለ ፍቅሩ ብቻ አወራችሁ። እኔ ድመት አልጠላም፣ ግን መባል ያለበት ይባል። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል። ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል መለጠፍ የለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ የድመት ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ቢጠርግላት ጥሩ ነው፣ በየቀኑም ይጠረግ። ድመት ይከተብ። ሌላ አልልም።

የሽምብጥ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዳማ ዓምና ተከትባለች።

ሁሉንም አነበብኩላት። የነርሷ ሲሆን ዝም ብላ ሰማች። የጀልባዋ ድመት ላይ ስደርስ "ወይኔ ልጄን" ብላ ዳማን ወደ ደረቷ ሳበቻት። እና ያኔ ነው እኔ ልብ ያልኩት። እናቴ ነጠላዋን ከሥሯ አንሥታ "ይሄ ምንድን ነው፣ ረጥቧል" አለች። የዳማ ምራቅ ነው። ጀሶውም ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ አለ፣ እኔ ሾርባ የፈሰሰ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ነገር ይመጣብኝ ጀመር። ትናንት አባቴ የቆሮሶ አሳ ራስ ሲሰጣት ሮጣ ሄደች፣ አሸተተችው፣ ተመለሰች። ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። ጠግባ ነው አልን። በእጇ ፊቷን ደጋግማ ስትጠርግ እናቴ "እንግዳ ሊመጣ ነው" ስትል ነበር። ኩርር ትላለች ግን። አሁን ይህን እየጻፍኩ ራሱ ኩርር እያለች ነው።

ተማሪው፣ እባክህ ካለህ መልስልኝ።

የዘንዘልማ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡22)

አለሁ። ርቧት ሄዳ አሽትታ የምትመለስ፣ የምታለከልክ ሳይሆን ምራቅ የሚዝረከረክባት፣ አፏን በእጇ የምትገፋ ከሆነ ችግሩ አፏ ውስጥ ነው። አጥንት ተሰክቶ ወይም ጥርሷ ቆስሎ ይሆናል። አፏ ይሸታል? ባዶ እጅሽን ግን አታስገቢ። ብትከተብም፣ ምራቅ የምታዝረከርክ ድመት አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። ስታዛጋ በስልክሽ መብራት ከሩቅ እዪ። ነጭ ነገር ብታዪም አትጎትቺ፣ ላንቃዋን ይቀደዋል።

ውኃ አቅርቢላት። ነገ በጠዋት ክሊኒክ ውሰጃት። ድመት እህል ሳትቀምስ ብዙ ቀን ከቆየች ጉበቷ ይጎዳል፣ በራሱ ይድናል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ተጎድቼበታለሁ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40)

እባክሽ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጫት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። እኔ አላውቅም ነበር። የእኔዋ ስታነክስ አዘንኩላትና ግማሽ ፍሬ ፈጭቼ ወተት ውስጥ ሰጠኋት። ድዷ ቡናማ ሆነ፣ ፊቷ አበጠ፣ በማግሥቱ አጣኋት። የእናትሽ ማስታገሻ እዚያው ፍራሹ አጠገብ ካለ አንሽው።

የሽምብጥ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05)

አነሣሁት። አፏ ይሸታል፣ በጣም። ቅድም ስታዛጋ አባቴ ባትሪ ይዞ አየ። ላንቃዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጋድሞ የተሰካ ነገር አለ።

የዘንዘልማ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡09)

አጥንት ነው። ሁለቱ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች መካከል ይሰካል፣ እንደ በር መወርወሪያ። ይወጣል፣ አይዞሽ። ካርቶን አየር ማስገቢያ ብሺለት፣ የእናትሽን ሽታ የያዘ ጨርቅ ከሥሯ አድርጊላት።

የሽምብጥ ልጅ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡30)

ወጣ!

በካርቶን፣ በእናቴ ነጠላ ጠቅልለን ነው የወሰድናት። ባጃጁ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ኩርር ትል ነበር። በፊት ቢሆን ተመችቷት ነው እል ነበር። አሁን ግን ስሰማው እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ማደንዘዣ ወጋት። ስትላላ አፏን ከፍቶ በመቆንጠጫ ያዘና ጠምዘዝ አድርጎ አወጣው። የቆሮሶ አጥንት ነው፣ የክብሪት እንጨት የምታህል። ላንቃዋ ላይ ቦይ የመሰለ ቁስል ሠርቷል፣ ሐኪሙ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ቆይቷል አለ። አራት አምስት ቀን ሙሉ እኛ እናታችንን እያከመች ነው ስንል፣ እሷ አፏ ውስጥ ያ ነገር ነበር። መርፌ ወጋት፣ ለጥቂት ቀን ለስላሳ ነገር ብቻ ስጧት ብሎ ሸኘን።

እናቴ አጥንቱን አምጡልኝ ብላ ነበር፣ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣሁላት። እጇ ላይ አድርጋ ብዙ ሰዓት አየችው። ከዚያ "ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አለች።

ነርስ ነኝ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00)

ጠዋት 2 ሰዓት ድረሱ፣ ወረፋው ሳይበዛ። የመጀመሪያውን ራጅ ይዛችሁ ኑ።

የሽምብጥ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ትናንት ሄድን። ራጁ ታየ፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ ጀሶው ተፈታ። እግሯ ቀጥኖ ቆዳው ተልጦ ስታየው ደነገጠች። የእግር እንቅስቃሴ አሳዩዋት፣ በምርኩዝ ቀስ እያለች ትለማመዳለች። ሐኪሙን ስለ ድመቷ ጠየቀችው። "እቅፍ አድርገሻት ተኚ፣ ግን በቀን ሦስቴ እግርሽን አንቀሳቅሺ" አላት። ቤት እንደገባች ያንኑ ነው የነገረችን፣ የመጀመሪያውን ደጋግማ።

ዳማ አጥንቱ ከወጣላት በኋላ ጥቂት ቀን ጣራ ላይ ነበረች። እናቴ ቅር ብሏት ነበር። ትናንት ማታ ግን መጣች። ጀሶው የነበረበትን ቦታ አሸተተች፣ ዞረች፣ ባዶ እግሯ ላይ ተኛች። እናቴ ጠራችኝና እጄን ወስዳ ዳማ ጉሮሮ ሥር አደረገችው። "አሁን ስሚው፣ ምራቅ የለም፣ ስትበላም ዋለች፣ ይሄ የጤናዋ ነው" አለችኝ።

የመረብ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

እግዚአብሔር ይመስገን። አሳ ትሰጧታላችሁ አሁንስ? እኔ ዳር ላይ ያሉትን ድመቶች እያሰብኩ ነው፣ የምንጥልላቸው አጥንት እኮ ነው።

የሽምብጥ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18)

ሥጋውን ብቻ። አባቴ ቀቅሎ በጣቱ እየዳሰሰ አጥንቱን ይለቅማል፣ ከዚያ ነው የሚሰጣት። ለዳር ድመቶች የአምባዛ ሥጋ ቁራጭ ስትሸርፉ ብትተዉላቸው ጥሩ ነው፣ የቆሮሶውን የጀርባ አጥንት ግን ሰብስባችሁ ቅበሩት።